ልክክ የሚል ነገር

ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ፣ ወለሉ ውሃ ልክ፣ ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቁመት። ሶኬት ማንም በማይፈልገው ቦታ አልተተከለም፤ እንዲያውም ሶኬት የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ቢገኝ ኪራዩን ሳልጠይቅ እገባ ነበር። እኛ ግን የምንኖረው የሰው እጅ በለሰነው ቤት ውስጥ ነው፤ የጽሕፈት ጠረጴዛውንና የመኳኳያውን ቦታ የምናሠራው ደግሞ ኮምፒዩተር ውስጥ ባለው ቤት ልክ። የአናጢና የባለቤት ጠብ ድሮም ነበረ፤ አሁን ሦስተኛ ተከራካሪ ገባበት፣ ያውም ባለ ቀለም።

ድሮ አናጢ ሲጠራ ሜትሮውን ኪሱ ከትቶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል። ይለካል፤ ቁጥሩን እዚያው ግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ መሆኑ አያሳስበውም። ከዚያ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ሣጥን መሳይ ነገር ይስልና «ይኸው፣ እንዲህ ነው የሚሆነው» ይልሃል። አንተም «በጣም ጥሩ» ትላለህ። ምኑም አልገባህም፤ ያልገባህን ነገር ደግሞ መቃወም አትችልም። ባለቤትህ ከኩሽና ብቅ ብላ ታየዋለች፤ እሷም አይገባትም፤ እሷም «ጥሩ ነው» ትላለች። ዕቃው ምን እንደሚመስል የሚታወቀው በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ቀብዱ ተበልቷል፣ እንጨቱ ተቆርጧል፣ ክርክሩ አብቅቷል። ሰላም የሰፈነበት አሠራር ነበር።

ያ ዘመን አለፈ። ዛሬ ትንሽ ከፍ ያለ ፈርኒቸር ቤት ሁሉ ላፕቶፕ የታቀፈ አንድ ወጣት አለው። ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ስኬችአፕን ነው። ይህ ፕሮግራም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ወጣ፤ በ2006 ጉግል ገዝቶት ነፃ ቅጂ ሲለቀቅ የዲዛይን ተማሪ ሁሉ እጅ ገባ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ትሪምብል የሚባል ኩባንያ ንብረት ነው። ለካቢኔት ሥራ ብቻ የተዘጋጁ እንደ ካቢኔት ቪዥንና ፖሊቦርድ ያሉም አሉ፤ እነሱ ስፋቱን ስትነግራቸው በሩንም፣ መሳቢያውንም፣ የማጠፊያውን ቀዳዳም ራሳቸው ያሰላሉ። (የፕሮግራሙ ፈቃድ እንዴት እንደተከፈለ እኛ ቤት የመጣውን ልጅ አልጠየቅሁትም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።) የሆነው ሆኖ ሥዕሉ ይዞራል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድሮ ምንም ያልገባው ሰው ሁሉ አሁን ገባው። የገባው ሰው ደግሞ ሐሳብ አለው።

ግድግዳ ላይ የሚገጠም ዕቃ ያስፈለገን ቅንጦት አምሮን እንዳይመስላችሁ። ጥፋቱ የመወጣጫው ደረጃ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር አብዛኞቹ ሕንፃዎች ጂ ፕላስ 4 ሆነው፣ ያለ ሊፍት፣ ጠባብ ደረጃ ይዘው ተሠሩ። ተሠርቶ ያለቀ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን በዚያ ደረጃ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ይወጣና እዚያ ይቀራል። አይወጣም፣ አይወርድም። ከዚያ ገመድ ይመጣል፤ ቁም ሳጥኑ በበረንዳ በኩል ሲጎተት የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ አዛዥ ይሆናል። «ወደ ግራ!» «የማን ግራ?» «በአንተ ግራ!» ይህን ትዕይንት ያላየ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ካለ ትናንት የገባ ነው። ስለዚህ ዕቃው ወርክሾፕ ተቆርጦ፣ ሳንቃ ሳንቃው በሰው ትከሻ ወጥቶ፣ ቤት ውስጥ ቢገጣጠም ይሻላል ተባለ። ለነገሩ ቤቱም ራሱ ይጋብዛል፤ ኮለኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚቆም በኮለኑና መስኮቱ ባለበት ግድግዳ መካከል አልጋ የማይገባበት፣ ወንበር ብቻውን የሚያፍርበት አንድ ጎድጓዳ ቦታ ይተርፋል። በየመኝታ ቤቱ የጽሕፈት ጠረጴዛና የመኳኳያ ሕልም የሚታለመው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ደግሞ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና አርክቴክት በፈረንጆቹ 1926 ለፍራንክፈርት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንድ ኩሽና ነደፈች፤ ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ፣ ዕቃው በሙሉ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ። ወደ 10,000 የሚጠጋ ተሠራ። ዛሬ በየቤቱ የምናየው የተገጠመ ካቢኔት ሁሉ አያቱ ያ ኩሽና ነው፤ የተወለደውም በባለጠጋ ቪላ ሳይሆን እንደኛው በመንግሥት የጋራ ቤት ውስጥ ነው። ሴትየዋ ሶፍትዌር አልነበራትም፤ የነበራት ሰዓት ነው። የቤት እመቤት ከምድጃ እስከ ዕቃ ማጠቢያ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት እየተለካ ነው የተነደፈው። በጣም ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነው፦ ያን ኩሽና ከመንደፏ በፊት ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ኋላ ራሷ ተናግራለች። እኔም ከንፈር ቀለም ተቀብቶ የማያውቅ ጎረምሳ ለባለቤቴ የመኳኳያ ጠረጴዛ ሲነድፍ ያልተቃወምኩት ይህን ስለማውቅ ነው።

ልጁ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ከፈተ። ቤተሰቡ ከበበው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ለቁመት ማነጻጸሪያ አንድ የሰው ምስል ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል፤ አማቴ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «ይኼ ሰው ቆሞ ነው የሚውለው? ወንበር ስጡት እንጂ» አሉ። ልጁ ሳቀና ምስሉን አጠፋው። ይህም አላስደሰታቸውም። «አባረርከው?»

ከዚያ የመጀመሪያው ሥዕል መጣ። ጠረጴዛው ነጭ፣ መስታወቱ ክብ፣ በዙሪያው መብራት። ከየት እንደሚገባ የማይታወቅ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጠረጴዛው ላይ የተገለጠ መጽሐፍ፣ አንድ ቅጠል በብርጭቆ፣ በጎድጓዳ ሳህን ደግሞ ሎሚ። «ይኼ ሁሉ ሎሚ ምንድነው? ጉንፋን ይዟችኋል?» አማቴ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ፕሮግራሙ የዕቃ ማከማቻ አለው፤ ሎሚ አለ፣ የወይን ጠጅ ብርጭቆ አለ፣ ድመት ሳይቀር አለ። በሥዕላችን ላይ ግን ባልዲ የለም። ረከቦት የለም። ከአልጋው ሥር የሚገባው የብርድ ልብስ ሻንጣ የለም። ሰው የማይኖርበት ቤት ስለሆነ ነው የሚያምረው።

የመታጠቢያ ቤቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ተካረረ። በሥዕሉ የእጅ መታጠቢያው ከሥሩ ባለ ሁለት መሳቢያ ካቢኔት፣ ከላዩ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቀመጠ ሲንክ ነበረው። ያምራል። የመታጠቢያ ካቢኔት ከነሲንኩ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ቢሆን ለቆመ ሰው ይመቻል። ነገር ግን ከላይ የሚቀመጠው ሲንክ ራሱ 15 ሳንቲ ይነሳል፤ ስለዚህ ካቢኔቱ 70 ላይ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ልጆች ፊታቸውን ለመታጠብ በርጩማ ያስፈልጋቸዋል፣ አማቴም ክርናቸውን ወደ ላይ አንስተው ሲታጠቡ ውሃው በብብታቸው ይወርዳል። የላይኛው መሳቢያ ደግሞ የሲንኩ ሲፎን የሚያልፍበት መሐሉ ተቆርጦ ካልተሠራ አይዘጋም፤ ይህን ካቢኔት ነክ ፕሮግራሞቹ ያውቃሉ፣ ሲፎኑ የት እንዳለ ከነገሯቸው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦

«ጀሪካኑስ?»

ልጁ ቀና አለ። «የትኛው ጀሪካን እትዬ?»

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመታጠቢያ ቤት የመጀመሪያው ነዋሪ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ነው። ሰው ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ልጁ ማከማቻውን ቢፈልግ ቢፈልግ ጀሪካን አጣ፤ በመጨረሻ ተነስቶ ሄዶ ራሱን ጀሪካኑን ለካና በልኩ ቢጫ ሣጥን ሠርቶ ካቢኔቱ ሥር አስገባው። የታችኛው መሳቢያ ተሰረዘ። እኔ ከዚያን ቀን ሥዕሎች ሁሉ መርጬ የወደድኩት ያንን ቢጫ ሣጥን ነው፤ በዚያ ማያ ገጽ ላይ ከታየው ሁሉ እኛን የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ መኝታ ቤቱ እንመለስ፤ እዚያ ጠቡ የጉልበትና የሎሽን ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛም የመኳኳያም ቁመት 75 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሳንቃ ማስኬድ ይቻላል፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። የሳንቃው ውፍረት 1.8 ሳንቲ። ባለቤቴ ከሥሩ የ15 ሳንቲ መሳቢያ ትፈልጋለች፤ ጠርሙሱ፣ ቅባቱ፣ የፀጉር ማድረቂያው ይግባ ብላ። ሲቀነስ ለጉልበት የሚተርፈው 58 ሳንቲ ነው። ወንበር 45 ሳንቲ ላይ ይቀመጣል፤ የሰው ጭን ውፍረት 15 ያህል ነው፤ ድምሩ 60። ሁለት ሳንቲ ጎደለ። ሁለት ሳንቲ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ ጉልበት ላይ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ወንበሩ ዝቅ ይበል ተባለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ግንባር ብቻ ይሆናል። መፍትሔው በልጁ ሳይሆን በልጃችን ተገኘ፦ መሐሉ ላይ ለእርሳስና ለኩል የሚሆን ስስ መሳቢያ፣ ረጃጅሙ ጠርሙስ ግራና ቀኝ ጉልበት በማይደርስበት። ልጁ ሁለት ቁጥር ቀየረ፤ ዕቃው በሙሉ ዓይናችን እያየ ተስተካከለ። ለዚህስ ፕሮግራሙን ማመስገን ይገባል። በድሮው ጊዜ ይህን ክርክር የምንጀምረው ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ነበር፣ በመጋዝ።

በመብራቱ ላይ ግን አልተስማማንም። ለመኳኳያ መብራት ከፊት ለፊት፣ ከግራና ከቀኝ፣ በፊት ከፍታ ሲመጣ ነው ጥሩ፤ ከላይ የሚመጣ መብራት ከዓይን ሥር ጥላ ጥሎ ሰውን ሳያረጅ ያስረጃል። ከሁሉ የሚሻለው የመስኮት ብርሃን ነው፣ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። ቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰውም መስኮቱ በግራው ቢሆንለት ይመርጣል። ስለዚህ በአንዲት መስኮት ሁለት ከሳሾች ቀረቡ። የፍርዱን ውጤት መናገር አያስፈልግም፤ ይህን የምጽፈው በአምፖል ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሥዕሉ ነው። ሥዕል የሚሸጥልህን ያሳያል። ልጁ ግን አንድ ቦታ ሲጫን ሥዕሉ ይበተንና ሠንጠረዥ ይወጣል፦ ጎን፣ ሁለት ፍሬ፣ ይህን ያህል በይህን ያህል፤ ታች፣ አንድ ፍሬ፤ የመሳቢያ ፊት፣ ሦስት ፍሬ፤ ጠርዙ የሚለበጥበት፣ የማይለበጥበት። የቁርጥ ዝርዝር ይሉታል። ደረቅ ነገር ነው፤ ፀሐይም ሎሚም የለበትም። እኔ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ኤምዲኤፍ ሳንቃ ብዙውን ጊዜ 244 በ122 ሳንቲ ሆኖ ይመጣል። ፕሮግራሙ ቁርጥራጩን ሁሉ እዚያ ሳንቃ ላይ ያስተኛል፤ የመጋዙ ምላጭ በየቁርጡ የሚበላውን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሳይቀር ይቀንሳል። አሥር ቁርጥ ማለት በዱቄት የሄደ 3 ወይም 4 ሳንቲ ነው። መሳቢያው በብረት ሐዲድ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተዋል፤ ለማጠፊያው 35 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ያስቀምጣል፤ የመደርደሪያ ቀዳዳዎቹን አውሮፓውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባስለመዱት በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት ይደረድራል። ይህን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ ይቻላል፤ ግን ስልክ እየተደወለ አይቻልም።

ቁጥሩ ገንዘብም ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ሳንቃ ዋጋው በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ፈርኒቸር ቤቶችም «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀን ነው» ብለው ከታች ይጽፋሉ። ስለዚህ አራት ሳንቃ ይበቃል ወይስ አምስት የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ በአራት አበቃቃው። ደስ አለን። ዝርዝሩን ጠጋ ብለው ያዩት ግን ከልጁ ጋር የመጡት ሽማግሌ አናጢ ናቸው።

እሳቸው እስከዚያ ድረስ በር አጠገብ ተቀምጠው ቡናቸውን ሲጠጡ ነበር። የልጁ አለቃ ይሁኑ ባልደረባ አልገባኝም፤ ልጁ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «ኢንጂነሩ» ይሉታል፣ በየትኛው ቅላጼ እንደሆነ ልብ በሉ። መነጽራቸውን አድርገው ማያ ገጹን አዩና «ኢንጂነሩ፣ ይኼ መሳቢያ ለምን ቆመ?» አሉ። ልጁ አልገባውም። የመረጥነው ሳንቃ የእንጨት ዥረት ያለው ነው፤ ፕሮግራሙ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን የመሳቢያ ፊት አዙሮ አስተኝቶታል። ቢሠራ ኖሮ የሁለቱ መሳቢያዎች ዥረት ተኝቶ የሦስተኛው ቆሞ ይታይ ነበር። ልጁ የዥረቱን አቅጣጫ ቆለፈው። ሳንቃው አምስት ሆነ። «አምስት ነው» አሉ ጋሼ፣ ቀድመው እንደሚያውቁት።

ከዚያ መኝታ ቤት ገቡ። ቱንቢያቸውን አወጡና ከኮለኑ ላይ ጣሉት። ከላይ የነካ ክር ከታች በጣት ያህል ራቀ። ጉድጓዱን ወለል አጠገብ ለኩ፣ መሐል ለኩ፣ ከላይ ለኩ፤ ሦስቱም አልተስማሙም። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ምልክት አድርገው በመካከሉ ሜትሮ ዘረጉ፤ 100 መምጣት ነበረበት፣ አልመጣም። ማዕዘኑ ተከፍቷል። ዞኮሎውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፤ እሱም ከግድግዳው ወጣ ያለ ነው፣ ሥዕሉ ውስጥ የለም። ሶኬቱ ደግሞ በትክክል ከግራው መሳቢያ ጀርባ። ልጁ ከጎናቸው ቆሞ ይጽፋል፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህን ወድጄለታለሁ።

«ይኼ ጠረጴዛ እግር የለውም?» አሉ ደግሞ።

«ተንሳፋፊ ነው ጋሼ። ዘመናዊ ነው።»

«ምን ይዞት ነው የሚንሳፈፈው?»

«ፊሸር።»

ሽማግሌው ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሳንቃ ሁለት ሜትር አየር ላይ ቢቆም አይጎብጥም፤ መጽሐፍ ቢቆለልበት፣ ሰው ቢደገፍበት ዝንፍ አይልም። የእኛ ሳንቃ ግን 90 ሳንቲ አካባቢ ሲያልፍ መሐሉ መስገድ ይጀምራል። ስለዚህ ከኋላው ከግድግዳው ጋር የሚታሰር ሞራሌ፣ ከመሐሉ ደግሞ አንድ ቋሚ ታዘዘ። ዘመናዊነቱ ትንሽ ቀነሰ፤ ባለቤቴ ግን ቋሚውን ወደደችው፤ የእሷንና የእኔን ድርሻ ይለያል።

የመጨረሻው ክርክር በስፋቱ ላይ ነበር። ልጁ ዕቃውን በጉድጓዱ ልክ፣ ከኮለን እስከ ግድግዳ ሰክቶ ነው የሳለው። ልክክ ያለ ነገር። ሽማግሌው «ልክክ የሚል ነገር አይገባም» አሉ። ከጠባቡ ልኬት ተነስተው ዕቃውን በየጎኑ በሦስት ሦስት ሳንቲ አሳነሱት፤ በተረፈው ክፍተት ስስ የማሟያ ሳንቃ ገብቶ፣ ግድግዳው እንደጠመመ ጠምሞ በእጅ ይላጋል። ከሩቅ ሲታይ ዕቃው ከግድግዳው የበቀለ ይመስላል፤ የሚመስለው ግን ስላልነካው ነው። ልጁ ቁጥሩን አስገባ፣ ፕሮግራሙ በቅጽበት ሁሉንም አሳነሰ፣ ዝርዝሩ ተስተካከለ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው አይተው «ይኼስ ቶሎ ይሠራል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ልጁም በተራው ለቀጣዩ ደንበኛ ከመሳሉ በፊት የእሳቸውን ቱንቢ ተውሶ እንደሚሄድ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ የእኔ ብይን ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ግን ቤታችሁን አያውቀውም። ፈርኒቸር ቤት ስትሄዱ ባለ ቀለሙን ሥዕል አይታችሁ «ዋው» ብላችሁ ኪሳችሁን አትዳብሱ። መጀመሪያ ቤታችሁ መጥተው በሦስት ቦታ እንዲለኩ አድርጉ፤ ማሟያው ስንት ሳንቲ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሶኬቱንና ጀሪካኑን በሥዕሉ ላይ አስገቡ። ከዚያ የቁርጥ ዝርዝሩን በወረቀት አውጥተው ይስጧችሁ፣ የሳንቃውን ብዛት ቁጠሩ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።